የጉዞ ምርመራ ሰዓት አቆጣጠር፦ ከበረራው ወደ ኋላ

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2 ቀን 2021 አሜሪካ አዲስ ሕግ አወጣች። ወደ አገሯ የሚበር ሰው፣ ተከተበም አልተከተበም፣ የኮቪድ ምርመራውን ከመነሳቱ በፊት ባለው 1 ቀን ውስጥ ማድረግ አለበት ተባለ። እስከዚያ ድረስ ለተከተበ ሰው 3 ቀን ይፈቀድ ነበር። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ዲሴምበር 6 ነው። ለመዘጋጀት የተሰጠው ጊዜ 4 ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ያ ሰሞን ደግሞ “አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና ወደ አገር ቤት” የተባለበት ነበር። ብዙ ሰው ቲኬቱን ቆርጦ ጨርሶ ነበር። ጣጣው መምጣቱ ላይ አልነበረም፤ መመለሱ ላይ ነው የመጣው።

ያ ሕግ ጁን 12 ቀን 2022 ተነስቷል። ዛሬ አብዛኛው አገር ምርመራ አይጠይቅም። ታዲያ አሁን ምን አስጻፈህ የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፦ ሕጉ ሲመለስ ቀጠሮ አይዝም። አሜሪካ ከቻይና የሚመጡ መንገደኞች ተመርምረው እንዲገቡ ዲሴምበር 28 ቀን 2022 አስታወቀች፤ ጃንዋሪ 5 ጀመረች። ነገ ሌላ ቫይረስ ቢመጣ ቁጥሮቹ ይለያዩ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከ2021 እና ከ2022 ሕጎች እየወሰድን እንለማመድ። እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

1. ሕጉን ስታነቡ አራት ነገር ፈልጉ

ብዙ ሰው ሕጉን ሲያነብ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። “72 ሰዓት ነው አሉ” ብሎ ይሄዳል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም። የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልሱ።

*አንደኛ፣ የሚቆጠረው ሰዓት ነው ወይስ ቀን?* 3 ቀንና 72 ሰዓት አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። በረራችሁ ቅዳሜ ከምሽቱ 4:30 ነው እንበል፤ ቲኬቱ ላይ 22:30 ተብሎ የተጻፈው ማለት ነው። ሕጉ 72 ሰዓት ካለ መስኮቱ፣ ማለትም መመርመር የሚፈቀድበት ጊዜ፣ የሚከፈተው ረቡዕ ከምሽቱ 4:30 ላይ ነው። ሕጉ 3 ቀን ካለ ግን ረቡዕ ሙሉ ቀኑ የእናንተ ነው። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተመረመረ ሰው በአሜሪካው የ3 ቀን ሕግ ያልፋል። ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፣ ወደ ቶሮንቶ ቢሆን ይመለሳል። ካናዳ የምትቆጥረው 72 ሰዓት ነበር፤ የእሱ ወረቀት ደግሞ 85 ሰዓት ተኩል ሆኖታል።

በቀን የሚቆጠር ሕግ ለመንገደኛ ይመቻል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ወጥመዱም በተለይ ለእኛ የተጠመደ ይመስላል። በእኛ አነጋገር ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በረራው ከሌሊቱ 6:30 ላይ ሲሆን “ቅዳሜ ሌሊት ነው የምሄደው” እንላለን። ቲኬቱ ግን እሑድ 00:30 ነው የሚለው። አየር መንገዱም፣ ሕጉም፣ ኮምፒውተሩም እሑድ ብለው ነው የሚያውቁት። እንግዲህ በ1 ቀኑ ሕግ “ቅዳሜ ስለምበር ዓርብ ብመረመር ይበቃል” ያለ ሰው አለቀለት። የእሑድ በረራ ከሆነ ምርመራው ቅዳሜ ነው መደረግ ያለበት። በረራችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ቲኬቱን አውጡና ቀኑን በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት።

*ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ከመነሻው ነው ወይስ ከመድረሻው?* አሜሪካና ካናዳ ከመነሻ ይቆጥሩ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ለሚገባ መንገደኛ እስከ 120 ሰዓት ትፈቅድ የነበረው አዲስ አበባ እስከሚደርስበት ሰዓት ተቆጥሮ ነው። ከመድረሻ ሲቆጠር የበረራው ርዝመት፣ የትራንዚቱ ቆይታ፣ የአውሮፕላኑ መዘግየት፣ ሁሉም ከእናንተ ሰዓት ላይ ይቀነሳል።

የሰዓት ልዩነቱም እዚህ ጋ ነው የሚያምታታው። በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ልዩነቱን ብትረሱት ብዙ አትጎዱም፤ ምርመራችሁ ከእውነቱ ይልቅ ያረጀ ይመስላችኋል እንጂ ችግር አያመጣም። ወደ ምዕራብ ስትበሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከአዲስ አበባ ረቡዕ 18:00 ላይ የተመረመረ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በዋሽንግተን ሰዓት 8:00 ላይ ቢደርስ፣ በጣቱ ሲቆጥር 62 ሰዓት ይመጣለታል። እውነቱ 70 ነው። ከመድረሻ 72 ሰዓት የሚቆጥር አገር ቢሆንና አውሮፕላኑ 3 ሰዓት ቢዘገይ አለፈበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ሰዓት ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ቀይሩና ከዚያ ቁጠሩ። እኔ ሁሌም የምርመራውን ከተማ ነው የምጠቀመው።

*ሦስተኛ፣ የትኛው በረራ?* ትራንዚት ካላችሁ በረራው ከአንድ በላይ ነው። አሜሪካ በአንድ ቲኬት ለተያዘ ጉዞ ከመጀመሪያው በረራ ነበር የምትቆጥረው፤ ያውም በመሀል ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ። ሁለት ቲኬት ለየብቻ የገዛ ሰው ግን ሁለተኛው ቲኬት ራሱን የቻለ ጉዞ ሊሆንበት ይችላል። ርካሽ ነው ብላችሁ ለየብቻ ስትገዙ ይህንንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ካናዳ ደግሞ ከመጨረሻው በረራ፣ ማለትም በቀጥታ ካናዳ ከሚያርፈው፣ ነበር የምትቆጥረው። ይህ ምን ያህል እንደሚያጠብ እዩ። ከቦሌ ቅዳሜ 23:00 ተነስታችሁ ማለዳ ፍራንክፈርት ደረሳችሁ፤ ወደ ቶሮንቶ የምትነሱት እሑድ በፍራንክፈርት ሰዓት 13:00 ነው። በክረምታቸው ወራት ይህ በአዲስ አበባ ሰዓት 15:00 መሆኑ ነው። ከቦሌ ብትቆጥሩ ሐሙስ ጠዋት መመርመር አስተማማኝ ይመስላል፤ ግማሽ ቀን ገደማ ይተርፋችኋል። ከፍራንክፈርት ስትቆጥሩ ግን መስኮቱ የሚከፈተው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው። የጠዋቱ ምርመራ ፍራንክፈርት ላይ ያበቃለታል። ከመሀል መንገድ መመለስ ከቦሌ ከመመለስ ይከፋል።

ትራንዚት የምታደርጉበት አገር የራሱ ሕግ ሊኖረውም ይችላል። ከአየር ማረፊያው ባትወጡ እንኳ። እንግሊዝ ማርች 19 ቀን 2021 ኢትዮጵያን ቀይ መዝገብ ውስጥ አስገብታ ነበር። ከሌላ አገር ተነስቶ በቦሌ በኩል ብቻ ያለፈ ሰውም በ10 ቀን ውስጥ እንግሊዝ ከገባ ቀይ አገር እንደነበረ ይቆጠራል። በራሱ ወጪ ሆቴል ይቀመጥ ነበር። ኔጋቲቭ ወረቀት መያዙ ከዚያ አያድነውም።

*አራተኛ፣ ምን ዓይነት ምርመራ?* ፒሲአርን፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረ መል በላብራቶሪ ማሽን የሚፈልገውን ምርመራ፣ የማይቀበል አገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ፈጣኑን የአንቲጂን ምርመራ ግን አሜሪካ ስትቀበል ካናዳ እስከ ፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ ድረስ አልተቀበለችም። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሌላ ነገር ነው፤ ከእነዚህ ጋር አታምታቱት። ቤት ውስጥ ራሳችሁ ያደረጋችሁትንም አየር ማረፊያ ይዛችሁ አትሂዱ።

2. መስኮቱን ሳሉ፤ ሁለት ጫፍ አለው

አሁን ወረቀት ላይ በረራውን በስተቀኝ ጻፉና ወደ ግራ ቁጠሩ። ሕጉ የሚፈቅደው የመጀመሪያ ሰዓት የግራው ጫፍ ነው። የቀኙን ጫፍ የሚወስነው ግን ሕጉ አይደለም፤ ላብራቶሪው ነው። ውጤቱ በ24 ሰዓት ይደርሳል ካሏችሁ፣ ቼክ ኢን ከሚከፈትበት ሰዓት 24 ሰዓት ቀንሱ። ለማይታወቅ ነገር ደግሞ ትንሽ ጨምሩበት። ሁለቱ ጫፎች መሀል የቀረው ነው መስኮታችሁ። አንዳንዴ ጠባብ ነው። አንዳንዴ ምንም አይቀርም፤ ያኔ ላብራቶሪ መቀየር ነው እንጂ ጸሎት ብቻ አያዋጣም።

የጃንዋሪ 2022ን እንውሰድ። ለገና የመጣ ሰው ወደ አሜሪካ መመለሻው ሐሙስ ጃንዋሪ 20 ማታ ነው እንበል። በ1 ቀኑ ሕግ የሚመረመረው ረቡዕ ወይም ራሱ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጃንዋሪ 19 ደግሞ ጥር 11 ነው፤ ጥምቀት። መንገዱ በታቦት አጀብ ይዘጋል። ላብራቶሪውም ይከፍታል አይከፍትም ቀድሞ መጠየቅ ነው። ቢከፍት እንኳ ውጤት የሚያወጣው ሠራተኛ ይኖራል ወይ? ናሙና መቀበልና ናሙና መሥራት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። ሐሙስ በማለዳ ሄዶ በዕለቱ ውጤት በሚሰጥ ቦታ ፒሲአር መመርመር፣ ወይም አሜሪካ ስለምትቀበለው በአንቲጂን መጨረስ። እኔ ብሆን አንቲጂኑን ነው የምመርጠው። ሕጉ በግልጽ የተቀበለውን ነገር ትቶ ፒሲአር ካልሆነ ብሎ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

ላብራቶሪ ስትመርጡ “ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ሁሉም “24 ሰዓት” ይላል። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ናሙናው የሚሠራው እዚሁ ነው ወይስ ወደ ዋናው ላብራቶሪ ይላካል? ከተላከ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው? ማሽኑ በቀን ስንት ጊዜ ይሠራል? የፒሲአር ሥራው ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው። የሚያቆየው ወረፋው ነው። ታክሲ ሳይሞላ እንደማይነሳው ሁሉ ናሙናም ተጠራቅሞ ነው ማሽን ውስጥ የሚገባው። የጠዋቱ ዙር ካመለጣችሁ የማታውን ትጠብቃላችሁ። ለዚህ ነው በማለዳ የተሰጠ ናሙና ብዙውን ጊዜ ዕለቱን የሚደርሰው፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተሰጠው ደግሞ የሚያድረው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰዓቱ የሚጀምረው ጥጡ አፍንጫችሁ ውስጥ ሲገባ ነው። ውጤቱ ሲወጣ አይደለም። ኢሜይሉ ሲደርሳችሁም አይደለም። ሌላ ካልተጻፈ በቀር ሕጉ የሚለው ናሙና የተወሰደበትን ጊዜ ነው።

3. ወረቀቱን ላብራቶሪው በር ላይ አንብቡት

ቤት ደርሳችሁ ሳይሆን እዚያው። ስህተት ካለ በዚያች ደቂቃ ይስተካከላል። ማታ ቦሌ ላይ ግን ላብራቶሪው ስልክ አያነሳም።

ስሙ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ሊሆን ይገባል፤ ፊደል በፊደል። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ስንት ዓይነት መልክ እንዳለው ታውቃላችሁ። ስማችሁን በቃል አትንገሩ። ፓስፖርቱን አውጥታችሁ ስጡና ከእሱ ይገልብጡ። አባትና አያት ተሟልተው መጻፋቸውን እዩ። የፓስፖርት ቁጥሩም ይግባ፤ እስራኤልን የመሰሉ አገሮች በግድ ይፈልጉት ነበር። የምርመራው ዓይነት፣ የላብራቶሪው ስምና አድራሻ፣ ማህተም ወይም ኪዩአር ኮድ ሊኖር ይገባል። ኪዩአሩን በስልካችሁ ሞክሩት፤ ከፍቶ የእናንተን ውጤት ካላሳየ ጌጥ ነው።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ወረቀቱ ላይ የኢትዮጵያ ዓመት ከተጻፈ የምዕራብ አገር ተቆጣጣሪ የሚያየው ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት የተደረገ ምርመራ ነው። ኮቪድ ራሱ ሳይወለድ! ይህን አብዛኛው ላብራቶሪ ያውቀዋል። የሚያመልጠው ሰዓቱ ነው። ነርሷ በልማድ “3:00” ብላ ከጻፈች ጠዋት 3 ሰዓት ማለቷ ነው። አንባቢው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። በዚህች ብቻ 6 ሰዓት ተቃጠለባችሁ። የ48 ሰዓት ሕግ ያለበት አገር የምትሄዱ ከሆነ 6 ሰዓት ቀላል አይደለም። 9:00 ይጻፍልኝ በሉ። 05/06 ዓይነት አጻጻፍም አይሁን፤ አሜሪካዊው ሜይ 6፣ አውሮፓዊው ጁን 5 ብሎ ነው የሚያነበው። ወሩ በፊደል ይጻፍ።

ናሙና የተወሰደበትና ውጤት የወጣበት ጊዜ ለየብቻ ሊጻፉ ይገባል። አንድ ቀን ብቻ ካለ የትኛው እንደሆነ በግልጽ አስጽፉ። ከዚያ ሁለት ኮፒ አትሙ። ስልክ ባትሪ ያልቃል።

ያልተመረመረ ሰው ወረቀት “የሚያስተካክሉ” ደላሎች በዚያ ሰሞን በየአገሩ ነበሩ። ከኪዩአሩ በኋላ መያዛቸው ቀላል ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን አጠገባችሁ የሚቀመጡት አዛውንት ምን አጠፉ?

4. ከምርመራው በፊት ያለውን ሳምንት ጠብቁት

ሰዓቱን በትክክል ቆጥሮ ፖዘቲቭ መሆንም አለ። ቫይረሱ ከያዛችሁ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ጥቂት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ያለው ሳምንት ነው ወሳኙ። የእኛ ሰው ደግሞ ሊሄድ ሲል ነው ሁሉንም የሚያቅፈው። ሽኝቱ፣ የዘመድ ጥየቃው፣ የመጨረሻው ቡና። ቅር እንዳይላቸው ተብሎ አይቀርም። መቅረት ባይቻል በረንዳ ላይ ይሁን፤ ሰውም ይቀነስ።

ከወራት በፊት ታማችሁ የዳናችሁ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። ፒሲአር የሞተ የቫይረስ ርዝራዥ ስለሚያገኝ ከዳኑ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ለዚህ አሜሪካ ባለፉት 90 ቀናት የወጣ ፖዘቲቭ ውጤትና ከሐኪም “ድኗል፣ መጓዝ ይችላል” የሚል ደብዳቤ ትቀበል ነበር። ካናዳም እስከ 180 ቀን ያለፈውን ፖዘቲቭ ወረቀት የምትቀበልበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ ሰዎች ከጉዞው 10 ቀን ያህል ቀድማችሁ ለራሳችሁ ተመርመሩ። ለሰርተፊኬት ሳይሆን ለማወቅ። ፖዘቲቭ ካለ ደብዳቤውን ለማጻፍ ጊዜ ይኖራችኋል።

ልጆች፦ አሜሪካ ከ2 ዓመት በታች፣ ካናዳ ከ5 ዓመት በታች ያለውን አትጠይቅም ነበር። የእያንዳንዱን አገር ለየብቻ እዩ። ልደቱ በጉዞው መሀል የሚውል ልጅ ካለ የመመለሻውን ሕግም አብራችሁ ተመልከቱ።

5. ቼክ ኢን ላይ

መጀመሪያ የሚፈትናችሁ የሄዳችሁበት አገር ኢሚግሬሽን አይደለም። አየር መንገዱ ነው። ወረቀት ያልያዘ ሰው ጭኖ ከሄደ የሚጠየቀው ራሱ ነውና አይለማመጥም። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ የምታየው ታይማቲክ የሚባለውን የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የመረጃ ቋት ነው። የዜና ድረ ገጽ ላይ ያነበባችሁት ወይም አክስታችሁ ባለፈው ወር ያለፉበት ሕግ እዚያ አይቆጠርም። ስለዚህ ከበረራው 3 ቀን በፊት አንዴ፣ በዋዜማው ደግሞ እንደገና የአየር መንገዱን ገጽ እዩ። የመዳረሻውን አገር የመንግሥት ገጽ አትማችሁ ያዙ። ሠራተኛዋ ከተጠራጠረች በአክብሮት አሳዩአት፤ አልሆን ካለ ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። ከወትሮው ቀድማችሁ ድረሱ።

በረራው ቢዘገይ የምርመራው መስኮት ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካ ከመንገደኛው አቅም ውጪ ለሆነ መዘግየት መጠነኛ ፋታ ትሰጥ ነበር፤ ሁሉም አገር ግን እንዲያ አልነበረም። መዘግየቱ እንደተነገረ እዚያው ቆማችሁ እንደገና አስሉ። የሚያልፍባችሁ ከሆነ አየር ማረፊያው ውስጥ ወይም አቅራቢያው ፈጣን ምርመራ የሚያደርግ ቦታ ፈልጉ። አድራሻውንና ስልኩን ከቤት ሳትወጡ ጽፋችሁ ያዙ።

ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ወደ አየር ማረፊያ አትሂዱ። መጀመሪያ ለአየር መንገዱ ደውሉ፤ ቲኬቱ ከበረራው በፊት ሲቀየርና ካመለጠ በኋላ ሲቀየር የሚያስከፍለው አንድ አይደለም። ወረቀቱን አትቅደዱት። ቀኑ የተጻፈበት ያ ፖዘቲቭ ውጤት ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ሆኖ ለቀጣዩ በረራ ማለፊያችሁ ሊሆን ይችላል።